የዲስኩ ፋይል ተቀየረ፣ ማሽኑ ግን አልነሳም፦ ቨርቹዋል ማሽንን ከቪኤምዌር ወደ ኬቪኤም ስለ ማዛወር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በቪኤምዌር ወርክስቴሽን ላይ ለዓመታት ሲሠሩባቸው የቆዩ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) አሏቸው፤ አንደኛው ዊንዶውስ ሰርቨር 2016፣ ሁለተኛው ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ሊኑክስ ነው። ሁለቱንም በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ወዳለው ኬቪኤም (ቨርቹዋል ማሽኖችን ወደሚያስኬደው የሊኑክስ ሥርዓት) ለማዛወር ዲስኮቻቸውን «ኬሙ-ኢሜጅ» በተባለው መሣሪያ ከቪኤምዌሩ የዲስክ ፋይል ቅርጽ ከቪኤምዲኬ ኬቪኤም ወደሚጠቀምበት ኪውካው2 ቀየሩ፤ ቅየራውም ያለ አንዳች የስህተት መልእክት ተጠናቀቀ። ይሁን እንጂ ዊንዶውሱ ሲነሳ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፣ ሴንትኦኤሱ ደግሞ ለደቂቃዎች ከጠበቀ በኋላ «ድራከት» በሚል የአደጋ ጊዜ የትእዛዝ መስመር ላይ ይቆማል። ጥያቄያቸውም «ዲስኮቹ ሲቀየሩ ተበላሹ ማለት ነው? ሁሉንም እንደ አዲስ ከመጫን ሌላ መንገድ አለ?» የሚል ነው።

ውድ ጠያቂ፣ ዲስኮችዎ አልተበላሹም፤ እንደ አዲስ መጫንም አያስፈልግዎትም። ሁለቱ ምልክቶች መልካቸው ይለያይ እንጂ ችግሩ አንድ ነው፤ ለዚህም ማስረጃው እርስዎ ራስዎ የጻፉት ነገር ነው። አንድ ማሽን ሲነሳ በመጀመሪያ ዲስኩን የሚያነብለት ፈርምዌሩ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ ነው። የማስነሻው ፕሮግራምም በፈርምዌሩ እጅ እያነበበ ከርነሉን፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ወደ ማህደረ ትውስታ ያመጣል። ከርነሉ ሥራውን ከተረከበ በኋላ ግን ፈርምዌሩን ትቶ ዲስኩን በራሱ ድራይቨር (መሣሪያውን በሚያነጋግር ፕሮግራም) ማንበብ ይኖርበታል። የእርስዎ ማሽኖች የቆሙት በትክክል በዚህ ርክክብ ላይ ነው። ሰማያዊውን ገጽ ያሳየው የዊንዶውስ ከርነል ራሱ ከዚያው ዲስክ ተነብቦ የመጣ ነው፤ የድራከት የትእዛዝ መስመርም እንዲሁ። ዲስኩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ከነዚህ ገጾች ላይ ለመድረስ እንኳ እጅግ ያዳግታቸው ነበር። የጎደለው ድራይቨር ነው፤ ቪኤምዌር ያቀርብላቸው የነበረው የዲስክ መቆጣጠሪያ የለም፣ በምትኩ ኬቪኤም ያቀረበላቸውን «ቨርቲዮ» የተባለ፣ ለቨርቹዋል ማሽኖች የተሠራ መቆጣጠሪያ ደግሞ አያውቁትም።

ከአንዱ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን ከሚያስኬድ ፕሮግራም) ወደ ሌላው ለሚደረግ ዝውውር ሁሉ ሊያዝ የሚገባው ዋና ነገር እዚሁ ላይ ነው። የዲስኩን ፋይል ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ መቀየር ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ቪኤምዲኬም ሆነ የቨርቹዋልቦክሱ ቪዲአይ ወይም የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ቪኤችዲኤክስ ውስጣቸው ያለው ያው የሴክተሮች ተራ ነው፣ የሚለያዩት በአቀማመጡና በማውጫው ብቻ ነው። አስቸጋሪው ክፍል በዲስኩ ውስጥ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለ ቀድሞው ሃርድዌሩ የመዘገበው ነገር ነው። ስለዚህ የዝውውሩ ሥራ በአብዛኛው መሠራት ያለበት በአዲሱ ቤት ሳይሆን ማሽኑ ገና በአሮጌው ቤት በደኅና እየሠራ ሳለ ነው። እርስዎ ግን አሁን የተቀየሩ ዲስኮች በእጅዎ ስላሉ፣ አስቀድሜ እነርሱን የሚያስነሱበትን መንገድ ልንገርዎት።

በዊንዶውሱ እንጀምር። በኬቪኤሙ የማሽን ቅንብር ውስጥ የዲስኩን የግንኙነት ዓይነት ከቨርቲዮ ወደ ሳታ፣ ማለትም ወደ ተራው የኮምፒውተር ዲስክ ግንኙነት፣ ይለውጡት። ዊንዶውስ ሰርቨር 2016 የሳታ ድራይቨር ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ብቻ ማሽኑን ያስነሳዋል። ሆኖም አንዳንዴ እዚህም ላይ ያው ሰማያዊ ገጽ ሊመለስ ይችላል፤ ምክንያቱም ዊንዶውስ ቀድሞ ያልተጠቀመበትን የዲስክ ድራይቨር በመነሻ ሰዓት እንዳይጫን አድርጎ ያስቀምጠዋል። በዚህ ጊዜ ከመጠገኛው ገጽ የትእዛዝ መስመሩን ከፍተው፣ ቢሲዲኤዲት በተባለው ትእዛዝ ማሽኑ በሴፍ ሞድ (አስፈላጊዎቹ ድራይቨሮች ብቻ በሚጫኑበት አነሳስ) እንዲነሳ ያድርጉት፤ በሴፍ ሞድ ከተነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያነቃዋል። ከዚያ የሴፍ ሞዱን ቅንብር መልሰው ማጥፋትዎን አይዘንጉ፤ ካልጠፋ ማሽኑ በየጊዜው በዚያው ይነሳል።

ዊንዶውሱ በሳታ ከተነሳ በኋላ እዚያው ላይ መተው ይቻላል፤ ነገር ግን የዲስኩ ፍጥነት ከቨርቲዮ ያንሳልና ብዙ የሚጻፍበትና የሚነበብበት ሰርቨር ከሆነ እንዲህ መተዉን አልመክርም። ወደ ቨርቲዮ መሻገሪያው መንገድ እንዲህ ነው። ማሽኑን ይዝጉና 1 ጊጋባይት የምትሆን ባዶ ዲስክ በቨርቲዮ ዓይነት ይጨምሩለት፤ የ«ቨርቲዮ-ዊን» ድራይቨሮችን የያዘውን የአይኤስኦ ፋይልም በሲዲ ድራይቩ ላይ ያስገቡ። ማሽኑን በሳታ አስነስተው ድራይቨሮቹን ይጫኑ፤ ከዚያም ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተው ያቺ ትንሽ ዲስክ መታየቷን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ይህች ትንሽ ዲስክ ለምን አስፈለገች የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ድራይቨሩን ፋይሉን በመገልበጥ ብቻ ማስገባት አይበቃም፤ ዊንዶውስ አንድን የዲስክ ድራይቨር በመነሻ ሰዓት ከሚጫኑት ተርታ የሚያሰልፈው በእርግጥ ከአንድ መሣሪያ ጋር አገናኝቶ ሲያየው ነው። ዲስኳ ከታየች ማሽኑን ዘግተው ዋናውን ዲስክ ወደ ቨርቲዮ ይለውጡ፣ ትንሿንም ያስወግዱ።

ሴንትኦኤሱ ከዚህ ይቀላል፤ ምክንያቱም የቨርቲዮ ድራይቨር በከርነሉ ሞጁሎች ውስጥ አስቀድሞ አለ። የሌለው በመነሻው ጥቅል፣ ማለትም በኢኒትራምኤፍኤስ ውስጥ ነው። ሴንትኦኤስ 7 ይህን ጥቅል ሲያዘጋጅ ቦታ ለመቆጠብ ሲል በዚያ ሰዓት በማሽኑ ላይ ያገኛቸውን መሣሪያዎች ድራይቨር ብቻ ይከትበታል፤ የእርስዎ ጥቅል የተዘጋጀው በቪኤምዌር ላይ ሳለ ስለሆነ የቪኤምዌርን መቆጣጠሪያ እንጂ ቨርቲዮን አያውቅም። መፍትሔው ግን አብሮት የመጣ ነው። ማሽኑ ሲነሳ በሚታየው የግራብ (የሊኑክሱ የማስነሻ ፕሮግራም) ዝርዝር ውስጥ በስተመጨረሻ ያለውን፣ «ሬስኪው» የሚል ቃል ያለበትን መስመር ይምረጡ። ያ ጥቅል ሆን ተብሎ ድራይቨሮችን ሁሉ ይዞ የተዘጋጀ ነውና በአዲሱ ሃርድዌር ላይ ያለ ችግር ይነሳል። ከተነሳ በኋላ የድራከትን (የመነሻውን ጥቅል የሚያዘጋጀውን ፕሮግራም) ትእዛዝ፣ ለሁሉም ከርነሎች እንደገና እንዲያዘጋጅና በነባሩ ላይ እንዲጽፍ ከሚያዝዙት አማራጮች ጋር ያስሂዱ፤ አሁን በቨርቲዮ ላይ ስላለ አስፈላጊውን ድራይቨር ራሱ ያስገባዋል። የፋይል ሲስተሞቹ ዝርዝር ባለበት በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ ዲስኩ በኤስዲኤ ስም ተጽፎ ካገኙት ደግሞ በዩዩአይዲ፣ ማለትም በፋይል ሲስተሙ ቋሚ መለያ ቁጥር፣ ይተኩት፤ በቨርቲዮ ላይ ስሙ ቪዲኤ ስለሚሆን በአሮጌው ስም ሲፈለግ አይገኝም። ዲቢያንና ኡቡንቱ የመነሻ ጥቅላቸውን በነባሪ ቅንብር ሰፋ አድርገው ስለሚያዘጋጁ ይህ ችግር እምብዛም አያጋጥማቸውም። በነገራችን ላይ የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ በሰኔ ወር 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስላበቃ፣ ይህን ማሽን ማዛወሩ ጊዜ መግዣ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ይህን ሁሉ በእጅ ከመሥራት የሚያድን መሣሪያ እንዳለም ማወቅ ይገባዎታል፤ ስሙ «ቪርት-ቪቱቪ» ይባላል። ከቪኤምዌር ወደ ኬቪኤም ለመሄድ የመጀመሪያ ምርጫዬም እርሱ ነው። የቪኤምዌር ማሽንን የቅንብር ፋይል ሲሰጡት ዲስኩን መቀየር ብቻ ሳይሆን ዲስኩ ውስጥ ገብቶ የዊንዶውሱን የቨርቲዮ ድራይቨር ይጭናል፣ የሊኑክሱንም የመነሻ ጥቅል ያድሳል፤ ዋናውን ዲስክ ግን አይነካውም። በተቃራኒው ኬሙ-ኢሜጅ ሴክተሮችን ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጣል እንጂ ውስጣቸው ምን እንዳለ አይመለከትም፤ የእርስዎ ቅየራ ያለ ስህተት አልቆ ማሽኑ ያልተነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን በአሮጌው ቤት መሠራት ስለ ነበረበት ዝግጅት ልምጣ፤ ሌሎች የሚዛወሩ ማሽኖች ካሉዎት ይጠቅምዎታልና።

ከሁሉ በፊት ስናፕሾት፣ ማለትም ማሽኑ በአንድ ወቅት የነበረበትን ሁኔታ መያዣው። ቪኤምዌር ስናፕሾት ሲነሳ ዋናውን ዲስክ አስሮ ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሁሉ መጨረሻው ላይ እንደ 000001 ያለ ቁጥር ባለው ሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል። ቁጥር የሌለውን ፋይል ዋናው ነው ብሎ መቀየር በጣም ቀላል የሆነ ስህተት ነው፤ ውጤቱም ያስደነግጣል፣ ማሽኑ በደንብ ይነሳና የመጀመሪያው ስናፕሾት በተነሳበት ቀን ላይ የነበረውን መረጃ ያሳያል። ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሰርቨር አዛውሬ ማሽኑ ሲነሳ ተደስቼ ሳለ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ የአራት ወር መዝገብ እንደ ጠፋ ነገረችኝ። አሮጌው ማሽን ገና ስላልተደመሰሰ ብቻ ነው የዳንነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ቪኤምዲኬ ከመቀየሬ በፊት ትንሿን የመግለጫ ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቼ አያለሁ። በውስጧ «ፓረንት ፋይል ኔም ሂንት» የሚል መስመር ካለ፣ ያ ዲስክ በሌላ ዲስክ ላይ የተደገፈ ነው ማለት ነው። ዲስኩ ከብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ከሆነም ለመቀየሪያው መሣሪያ የሚሰጠው ይህችው የመግለጫ ፋይል እንጂ ከክፍልፋዮቹ አንዱ አይደለም።

ስናፕሾቶችን ማጠቃለያው ጥሩ መንገድ በወርክስቴሽን ውስጥ ማሽኑን ዘግቶ ሙሉ ክሎን (የማሽኑን ሙሉ ቅጂ) መሥራት ነው። ክሎኑ ሰንሰለቱን ሁሉ ወደ አንድ ዲስክ ያጠቃልለዋል፣ ዋናውም ማሽን ሳይነካ ይቆያል። ስናፕሾቶቹን በዋናው ማሽን ላይ መሰረዝም ያዋሕዳቸዋል፤ ግን ባካፕ ሳይኖር እንዲህ ያለውን ሥራ ብቸኛ ቅጂ በሆነ ማሽን ላይ አልሠራም። ክሎኑ አዲስ የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ) እንደሚሰጠው ልብ ይበሉ፤ የኔትወርክ አድራሻ ወይም የሶፍትዌር ፈቃድ በማክ አድራሻው ላይ የታሰረ ከሆነ የአሮጌውን ማክ መዝግበው በኬቪኤሙ ቅንብር ውስጥ ራስዎ ይጻፉት።

ማሽኑ ሲዘጋም በእውነት መዘጋት አለበት። «ሰስፔንድ» የተደረገ ማሽን የማህደረ ትውስታው ይዘትና የፕሮሰሰሩ ሁኔታ ለዚያው ሃይፐርቫይዘር ብቻ በሚገባ መልክ የተቀመጠ ስለሆነ ሌላ ቦታ ሊነቃ አይችልም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ደግሞ «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለው ቅንብር በርቶ ከሆነ፣ ተራው መዝጊያ ከርነሉን ወደ እንቅልፍ ያስገባዋል እንጂ አይዘጋውም፤ የፋይል ሲስተሙም ገና ክፍት እንደሆነ ምልክት ይደረግበታልና ቪርት-ቪቱቪ ሊጽፍበት አይችልም። ቅንብሩን አጥፍተው ከዚያ ይዝጉት።

ከመዘጋቱ በፊት ቪኤምዌር ቱልስን፣ ማለትም በማሽኑ ውስጥ የሚጫነውን የቪኤምዌር ረዳት ፕሮግራም፣ ያራግፉ። ይህን የምለው ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ በዊንዶውስ ላይ የቱልሱ ማራገፊያ ከቪኤምዌር ውጭ መሆኑን ሲያውቅ አልሠራም ብሎ ያቆማል፣ ከዚያ በኋላ ሰርቪሶቹንና ድራይቨሮቹን አንድ በአንድ በእጅ እየፈለጉ ማጥፋት ግድ ይሆናል። በአሮጌው ቤት ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ በአዲሱ ቤት ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛው ከመዘጋቱ በፊት የሚደረግ ነገር በማሽኑ መስኮት ላይ በቀጥታ መግባት የሚያስችል የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል እንዳለዎት ማረጋገጥ ነው። በርቀት ብቻ፣ ለምሳሌ በኤስኤስኤች ቁልፍ ወይም በዶሜይን (በድርጅቱ የጋራ የመግቢያ ሥርዓት) አካውንት የሚገቡ ከሆነ፣ ኔትወርኩ በአዲሱ ቤት ሳይነሳ ሲቀር መግቢያ አይኖርዎትም።

ኔትወርኩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይነሳም። በቪኤምዌር ላይ «ኢኤንኤስ33» ይባል የነበረው የሴንትኦኤስ የኔትወርክ ካርድ በኬቪኤም ላይ ሌላ ስም ያገኛል፤ ቋሚው አድራሻ ግን የተጻፈው በአሮጌው ስም ባለው ፋይል ነውና አዲሱ ካርድ አድራሻ አልባ ይሆናል። ፋይሉን በአዲሱ ስም መገልበጥና በውስጡ ያለውን ስም ማረም ይበቃል። በዊንዶውስም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል፤ ቋሚውን አድራሻ ለአዲሱ ካርድ ሲሰጡት ይህ አድራሻ ለሌላ ካርድ ተሰጥቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳይዎታል፣ ያ ካርድ ግን አይታይም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የተደበቁ መሣሪያዎችን አሳይ የሚለውን መርጠው ደብዝዞ የሚታየውን የቪኤምዌር ካርድ ያስወግዱት።

ስለ ፈርምዌር ሳልናገር አላልፍም። በባዮስ የተጫነ ማሽን በዩኢኤፍአይ፣ በዩኢኤፍአይ የተጫነውም በባዮስ አይነሳም፤ ምልክቱም ከእርስዎ የተለየ ነው፣ ማሽኑ የሚነሳ ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ገና በጅማሬው ይቆማል። የቪኤምዌሩን የቅንብር ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ሲከፍቱት «ፈርምዌር» የሚል መስመር «ኢኤፍአይ» ተብሎ ካገኙ በኬቪኤም ላይ ዩኢኤፍአይ የሆነውን ኦቪኤምኤፍን፣ መስመሩ ከሌለ ባዮስ የሆነውን ሲባዮስን ይምረጡ፤ ምርጫውም ማሽኑን ሲፈጥሩ ገና በመጀመሪያው የሚደረግ ነው። የዩኢኤፍአይ የመነሻ ዝርዝር የሚቀመጠው በዲስኩ ላይ ሳይሆን በማሽኑ ፈርምዌር ማስታወሻ ስለሆነ ከዲስኩ ጋር አይዛወርም። ዊንዶውስ በተለመደው ቦታ ተጠባባቂ የማስነሻ ፋይል ስለሚያስቀምጥ አይቸገርም፤ ዲቢያን ግን በነባሪው አያስቀምጥምና ከፈርምዌሩ ገጽ ፋይሉን በእጅ መርጠው ካስነሱት በኋላ ግራብን እንደገና መጫን ያስፈልግዎታል። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ የታሰረበት የቲፒኤም መሣሪያ አብሮ ስለማይሄድ፣ አስቀድመው ቢትሎከሩን ለጊዜው ያግዱት፣ የመልሶ ማግኛውን ቁጥርም ከማሽኑ ውጭ ያስቀምጡ።

ሰዓቱም ትኩረት ይሻል። ዊንዶውስ የማሽኑ ሰዓት የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ያምናል፣ የኬቪኤም ነባሪ ቅንብር ግን ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ነው። ልዩነቱ በዶሜይን ውስጥ ላለ ማሽን ቀላል ነገር አይደለም፤ የዶሜይኑ የመግቢያ ማረጋገጫ የሆነው ኬርቤሮስ በነባሪ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነትን አይቀበልምና ተጠቃሚዎች መግባት ይከለከላሉ። ዊንዶውስ ሰርቨርዎ ራሱ የዶሜይን መቆጣጠሪያ ከሆነ ግን ምክሬ የተለየ ነው፤ በኬቪኤሙ ላይ አዲስ መቆጣጠሪያ ተክለው መረጃው እንዲባዛለት ያድርጉ፣ አሮጌውንም በሥርዓቱ ያሰናብቱ። የመቆጣጠሪያን ዲስክ ገልብጦ ማዛወር፣ አሮጌው ቅጂ በስህተት አንድ ጊዜ እንኳ ቢነሳ፣ የማውጫውን መረጃ እርስ በእርሱ ያጋጨዋል።

አንዳንዶች በኦቪኤ ፋይል ኤክስፖርት አድርጎ ማስገባት ይህን ሁሉ ያስቀራል ብለው ያምናሉ። ኦቪኤፍ ቨርቹዋል ማሽንን ለማሸጋገር ዲኤምቲኤፍ የተባለው የደረጃዎች ማኅበር ያወጣው ደረጃ ነው፤ ኦቪኤ ደግሞ መግለጫውን፣ ዲስኩንና የማረጋገጫ ቁጥሮቹን በአንድ ታር ፋይል የጠቀለለ ነው። የማህደረ ትውስታውን መጠንና የፕሮሰሰሩን ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ የሃርድዌሩን ስም ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም በራሱ አነጋገር ስለሚጽፈው፣ ከቨርቹዋልቦክስ የወጣን ኦቪኤ ቪኤምዌር ሃርድዌሩን አላውቀውም ብሎ ሲመልሰው ማየት የተለመደ ነው። መግለጫውን በእጅ ያረመ ሰው የማረጋገጫ ቁጥሩንም ማደስ አለበት፣ አለዚያ ፋይሉ ተነካክቷል ተብሎ ይጣላል። ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ድራይቨር ደግሞ ኦቪኤ ምንም አይጨምርለትም።

ወደ ሃይፐር-ቪ የሚሄዱ ከሆነ መርሁ ያው ሆኖ፣ የባዮስ ማሽን ጄኔሬሽን 1፣ የዩኢኤፍአዩ ጄኔሬሽን 2 ተብሎ መፈጠር አለበት፤ ከተፈጠረ በኋላም አይለወጥም። በኬሙ-ኢሜጅ የተሠራ ቪኤችዲኤክስ በዊንዶውስ ላይ «ስፓርስ» (ባዶ ክፍሎቹ በዲስክ ላይ ቦታ ያልተያዘላቸው) የሚል ምልክት ካለበት ሃይፐር-ቪ አልከፍተውም ይላልና ምልክቱን ማንሳት ያስፈልጋል።

በመጨረሻም አሮጌዎቹን ማሽኖች አሁን አይደምስሷቸው፤ በወርክስቴሽን ውስጥ የኔትወርክ ካርዳቸውን ነቅለው ዘግተው ያቆዩአቸው፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የወር መዝጊያና አንድ የተሳካ ባካፕ በአዲሱ ቤት እስኪያልፍ ድረስ። ዛሬ ማታ ግን በሴንትኦኤሱ የሬስኪው መስመር ይጀምሩ፣ ቀጥሎም ዊንዶውሱን በሳታ ይሞክሩ። ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድም እምቢ ካለ፣ በዲስኩ የመግለጫ ፋይል ውስጥ «አዳፕተር ታይፕ» የሚለው መስመር የያዘውን ቃልና ከቅንብር ፋይሉ የፈርምዌሩን መስመር ይላኩልኝ፤ ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ተነሥተን ቀጣዩን እንወስናለን።